ግቢ ውስጥ የቆመ የጥንት ድንጋይ መስቀል፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስኮትላንድ ውስጥ ሩትዌል የምትባል መንደር አለች። እዚያ የሚገኘው የድንጋይ መስቀል አምስት ሜትር ተኩል ገደማ ይረዝማል። የተቀረጸው በ8ኛው ክፍለ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1642 «ጣዖት ነው» ተብሎ ተሰባበረ። በ1823 የሰበካው ቄስ ሄንሪ ደንከን ስብርባሪውን ለቃቅመው በመኖሪያ ቤታቸው ግቢ አቆሙት። በ1887 ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እስኪገባ ድረስ ዝናብና ውርጭ ሲፈራረቁበት ኖረ። እሳቸው ባይኖሩ መስቀሉም አይኖርም ነበር። ግን እሳቸውም ተሳስተዋል።

የጎደለውን በግምት መሙላት። ደንከን የመስቀሉን አግዳሚ አላገኙትም። ስለዚህ አዲስ አስቀረጹ። ዛሬ የምናየው አግዳሚ የ1823 ሥራ ነው። የጫፉ ድንጋይ ደግሞ ጀርባና ፊቱ ዞሮ ነው የተተከለው። የጎደለ ነገር ካለ ተዉት፤ ጎዶሎነቱም ታሪኩ ነው።

ፈትጎ ማጠብ። እኔን በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። የድንጋይ ሽበት ያዩ ሰዎች የሽቦ ብሩሽና በረኪና ይዘው ይነሳሉ። በሩትዌል መስቀል ጠርዝ ላይ ሩን በሚባለው ጥንታዊ ፊደል ግጥም ተቀርጿል። መስቀሉ ራሱ ስለ ስቅለቱ የሚናገርበት ግጥም ነው። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ዕድሜ ሲጫነው ጭረቱ ይሳሳል፤ አንዴ ከተፈተገ አለቀ። ማንበብ ከፈለጋችሁ ሲመሽ ባትሪ ከጎን አብሩበት። ጥላው ፊደሉን ያወጣዋል። በጠመኔ ማድመቅም ይቅር።

በሲሚንቶ መጠገን። ሲሚንቶ ከድንጋዩ ይጠነክራል፤ እርጥበትም አያስወጣም። የታፈነው ውሃ በብርድ ወደ በረዶ ሲለወጥ ድንጋዩን ይፈነቅለዋል። ይህን ጣጣ እኛም እናውቀዋለን፦ የጎንደር ፋሲል ግቢ በጣሊያን ወረራ ዘመን በሲሚንቶ ተጠግኖ፣ በኋላ ያ ሁሉ ተነስቶ በኖራ ነው የታደሰው።

ብርድ ሲመጣ በላስቲክ መጠቅለልም ያው ነው፤ ውስጡ ያልበዋል። ሣር ማጨጃ ማሽንም አታስጠጉበት።

ሳይመዘግቡ ማንሳት። ብሪታንያ ውስጥ በሕግ የተመዘገበ ቅርስ ከሆነ ያለ ፈቃድ መንካት ወንጀል ነው። ባይመዘገብም ከመነካቱ በፊት ማስመሪያ አጠገቡ አድርጋችሁ በአራቱም በኩል ፎቶ አንሱት። የትኛው ገጽ ወደ ላይ እንደነበር ጻፉ። ጣት የምታህል ስባሪ ብትወድቅም ከጠጠሩ ጋር አትጥረጓት፤ ካርቶን ውስጥ አስቀምጧት።