የሰርግ ቪዲዮ እንዴት ይቀረጻል፦ ከምርቃቱ ይጀምሩ

የአዲስ አበባ ዳርቻ ሰርግ የራሱ ጠባይ አለው። በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በቦሌ አራብሳና በየካ አባዶ ድንኳኑ የሚተከለው በኮንዶሚኒየም ብሎኮች መካከል ነው፤ ሙሽራዋ ቬሎዋን ሰብስባ ከአራተኛ ፎቅ በጠባብ ደረጃ ትወርዳለች። ወደ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታና ለገጣፎ ሲወጡ ደግሞ ሰፊ ግቢ፣ የቆርቆሮ አጥር፣ አቧራማ መንገድና ከየአቅጣጫው የተሰበሰበ ዘመድ ይጠብቅዎታል። መብራት በየትኛውም ሰዓት ሊጠፋ ይችላል። የሆቴል አዳራሽ ብቻ የለመደ ቀራጭ እዚህ ይቸገራል።

ሥራውን ለመጀመር ለሚያስብ ሰው አስቀድሜ የምነግረው አንድ ነገር አለ። የሰርግ ቪዲዮ እምብርቱ ምርቃቱ ነው። ኬኩም፣ ጭፈራውም፣ የመኪናው ሰልፍም ከሰርግ ሰርግ ብዙ አይለያይም። አባትና እናት፣ በሕይወት ካሉም አያቶች፣ በልጆቻቸው ራስ ላይ የሚያወርዱት ቃል ግን የዚያ ቤት ብቻ ነው። አረጋውያኑ ካለፉ በኋላ ቤተሰቡ ያንን ቪዲዮ የሚከፍተው ድምፃቸውን ሊሰማ ነው። ከዚህ በታች ያለው ዝግጅት በአብዛኛው ያ ድምፅ ጥርት ብሎ እንዲቀረጽ የታሰበ ነው።

1. ቤተሰቡን አስቀድመው ያነጋግሩ

ሰርግ በወቅት ይበዛል። ጥር ዋነኛው ነው፤ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ሚያዝያና ግንቦት ይከተላሉ። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ኦርቶዶክሳውያን ሰርግ ስለማይደግሱ ጥያቄው በእነዚህ ጥቂት ወራት እሑዶች ላይ ይከመራል። ቀኑን በቃል አይያዙ፤ ቀብድ ተቀብለው ውል ይጻፉ። ጥሎሹ፣ ሰርጉ፣ መልሱና ቅልቅሉ ሁሉም ይቀረጹ እንደሆነ፣ ስንት ቀራጭ እንደሚመጣ፣ ሥራው በስንት ሰዓት ተጀምሮ በስንት እንደሚያበቃ፣ ቪዲዮው መቼ እንደሚረከብ በግልጽ ይስፈር። ሥራዎን በማኅበራዊ ሚዲያ ማሳየት ከፈለጉ የሙሽሮቹን ፈቃድ እዚያው ውሉ ላይ ያስገቡ።

ከዚያ ይጠይቁ። የሚመርቁት እነማን ናቸው? የት ይቀመጣሉ? ድምፃቸው ደካማ ነው? በየትኛው ቋንቋ ይመርቃሉ? በከተማው ዳርቻ አንደኛው ወገን በአማርኛ፣ ሌላኛው በአፋን ኦሮሞ ሲመርቅ ማየት የተለመደ ነው፤ ይህ በኋላ ቪዲዮውን ሲያቀናብሩ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ከተቻለ ቤቱን ከሰርጉ በፊት፣ ምርቃቱ በሚካሄድበት ሰዓት ሄደው ይዩት። መስኮቱ በየት በኩል እንደሆነ፣ ሶፋው ወዴት እንደሚገፋ፣ ሶኬቱ የት እንዳለ ያን ቀን ይታወቃል።

2. ከሌንስ በፊት ለማይክሮፎን ያስቡ

ገንዘብዎ የተወሰነ ከሆነ ያገለገለ ካሜራ ገዝተው ለድምፅ መሣሪያ ያስተርፉ ባይ ነኝ። ሁለት ገመድ አልባ የኮሌታ ማይክሮፎኖችና ከሙዚቃው ሚክሰር (ድምፅ ማደባለቂያ) ጋር የሚገናኝ አንድ ድምፅ መቅረጫ ከሌሉዎት ሥራውን ሙሉ አይበሉት።

ካሜራ ሁለት ያስፈልጋል፤ ቢቻል በአንድ ጊዜ ሁለት ካርድ ላይ የሚቀርጹ ይሁኑ። ለኮንዶሚኒየም ክፍል 16–35 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ለአብዛኛው ሥራ 24–70፣ ለቤተ ክርስቲያን ደግሞ ከሩቅ የሚስብ 70–200 ይበቃል። የካርዱን መጠን አስልተው ይያዙ። በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ በሰዓት 45 ጊጋባይት ያህል ስለሚወስድ 128 ጊጋባይት ካርድ ሦስት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ባትሪዎቹን ሁሉ ከዋዜማው በፊት ይሙሉ፤ በዋዜማው ምሽት መብራት ላይኖር ይችላል።

3. ካሜራውን ለአገራችን መብራት ያስተካክሉ

የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መስመር በ50 ሄርዝ ስለሚሠራ ብዙ አምፖሎች ዓይናችን ሳያየው በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃሉ፣ ይፈዝዛሉ። ካሜራው በ1/60 ሰከንድ ሹተር (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን በሚያገኝበት ጊዜ) ከቀረጸ ምስሉ ይርገበገባል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በካሜራው ምናሌ ኤንቲኤስሲ (NTSC፣ ለ60 ሄርዝ የሚሆነው) የሚለውን ወደ ፓል (PAL፣ ለ50 ሄርዝ የሚሆነው) ይቀይሩ፤ በሰከንድ 25 ምስል፣ ሹተሩን 1/50 ያድርጉ። ዘገም ብሎ ለሚታይ ምስል በሰከንድ 50 ምስልና 1/100 ይጠቀሙ። ጄኔሬተር ሲነሳ ግን ድግግሞሹ ሊዋዥቅ ስለሚችል መርገብገቡ እስኪጠፋ ሹተሩን በትንሽ በትንሹ ያንቀሳቅሱ፤ በባትሪ የሚሠራ የራስዎ ኤልኢዲ መብራት ካለዎት ደግሞ እሱን ያብሩ።

ቀጥሎ ፀሐይ ናት። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ በሚያዝያና በግንቦት የቀትር ፀሐይ አናት ላይ ትቆማለች፤ የሙሽሮቹ ዓይን ጥላ ውስጥ ይገባል፣ ቬሎው ደግሞ ያበራል። ከቀኑ 5 እስከ 9 ሰዓት ሙሽሮቹን በብሎኩ ጥላ በኩል፣ ፊታቸውን ወደ ክፍቱ ሰማይ አድርገው ያቁሙ። የብርሃኑን መጠን ለቬሎው ይለኩ። የነጣ ጥልፍ በኮምፒውተር አይመለስም፤ የጠቆረ ፊት ግን በመጠኑ ይነሳል። ሹተሩን 1/50 ላይ ለማቆየት ሌንሱ ላይ ብርሃን የሚቀንስ ኤንዲ (ND) ማጣሪያ ይግጠሙ።

የነጭ ሚዛኑን፣ ማለትም ነጭ ነገር ነጭ ሆኖ እንዲታይ የሚያደርገውን ቅንብር፣ ለካሜራው አይተዉ። ከቤት ውጭ 5600 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ)፣ በቢጫ አምፖል ሥር 3200 ገደማ ያድርጉት። ባለቀለም ሸራ ድንኳን ውስጥ ግን ሁሉም ሰው ሰማያዊ ወይም ቢጫ ይሆናል፤ እዚያው ሸራው ሥር ነጭ ወረቀት ይዘው ይለኩ።

4. የሰርጉ ጠዋት

አንዱ ቀራጭ ከሙሽራው ጋር፣ ሌላው ከሙሽራዋ ጋር ይዋል። የሙሽራዋ ክፍል በአብዛኛው በሻንጣና በሚዜዎች ይሞላል፤ መስኮት አጠገብ አንድ ጥግ አስለቅቀው አምፖሉን ያጥፉ። የመስኮት ብርሃን ብቻውን ፊትን ያሳምራል፣ ከቢጫ አምፖል ጋር ሲደባለቅ ግን ቆዳን ያበላሻል።

በደረጃው ላይ ሙሽራዋን ከታች ካለው ማረፊያ ሆነው ወደ ላይ ይቅረጹ፤ ስትቀርብ ወደሚቀጥለው ማረፊያ ይውረዱ። ካሜራ ይዞ ወደ ኋላ እየተራመዱ ደረጃ መውረድ አደገኛ ነው፤ የግድ ከሆነ ረዳትዎ ከጀርባ ቀበቶዎን ይዞ ይምራዎት።

ሙሽራው ሲመጣ የሴት ወገን ልጃገረዶች በዘፈን በሩን ይዘጋሉ። አንዱ ካሜራ ከልጃገረዶቹ ኋላ፣ ከውስጥ ይሁን፤ የሚማጸኑት ሚዜዎች ፊት የሚታየው ከዚያ ነው። ሌላው ከውጭ ልጃገረዶቹን ይቅረጽ።

5. ምርቃቱ

ሙሽሮቹ ከመግባታቸው አሥር ደቂቃ በፊት ቦታዎን ይያዙ። የወላጆቹ ወንበር መስኮቱን በጎን እንዲያገኝ ያድርጉ፤ መስኮቱ ከጀርባቸው ከሆነ ፊታቸው ይጠቁራል። ቴሌቪዥኑ ይጥፋ። ድንኳኑ ውስጥ ያለው የድምፅ ማጉያም ለዚያች ጊዜ ዝም እንዲል ከሙዚቃ ባለሙያው ጋር አስቀድመው ይስማሙ፤ ምልክቱን አንደኛ ሚዜው ይስጥልዎ። የኮንዶሚኒየም ብሎኮች ድምፁን እያስተጋቡ እስከ አራተኛ ፎቅ ስለሚያደርሱት ይህን ከዘነጉ ከአባትየው ቃል ይልቅ የኪቦርዱን ምት ይዘው ይመለሳሉ።

ማይክሮፎኑን እናትየው ላይ ለማድረግ አይቸኩሉ። ነጠላቸው በተነቃነቀ ቁጥር ይታከከዋል፤ ባለጌጥ የአንገት ሐብልም ይመታዋል። ከሁሉ የተሻለው ቦታ የሙሽራው ኮት ኮሌታ ነው። ጉልበት ለመሳም ሲንበረከክ መራቂው ወደ እሱ ያጎነብሳል፤ የሚወጣው ቃል በቀጥታ ማይክሮፎኑ ላይ ይወርዳል። ሁለተኛውን ማይክሮፎን በወንበሩ መደገፊያ ላይ፣ ልብስ በማይነካው በኩል ያስሩት።

ከባዱ ነገር የድምፁ መጠን ነው። አረጋውያን ቀስ ብለው ይመርቃሉ፤ ወዲያው ቤቱ ሙሉ «አሜን!» ይላል፣ እልልታው ይቀልጣል። ለዝቅተኛው ድምፅ ብለው ከፍ ካደረጉት እልልታው ይሰነጠቃል። አንደኛውን ማይክሮፎን የምርቃቱ ከፍተኛ ድምፅ ከዜሮ (ድምፁ ከሚሰነጠቅበት ጣሪያ) 12 ዴሲቤል በታች እንዲሆን ያስተካክሉ፤ ሁለተኛውን ከዚያ ሌላ 10 ዴሲቤል ዝቅ ያድርጉ። ምርቃቱን ከመጀመሪያው፣ እልልታውን ከሁለተኛው ይወስዳሉ። ጆሮ ማዳመጫ ሳያደርጉ ይህን ክፍል አይጀምሩ።

ካሜራዎቹ በመቆሚያ ላይ፣ በተንበረከከ ሰው ዓይን ከፍታ ይሁኑ። አንዱ የወላጆቹን ፊት፣ ሌላው የሙሽሮቹን ይይ። እዚህ መዟዟር የለም። ግንባር ጉልበት ሲነካ፣ የአያት እጅ ራስ ላይ ሲያርፍ፣ እናት በነጠላ ጫፍ እንባ ስትጠርግ በጸጥታ ሌንስዎን ይሳቡ እንጂ አይጠጉ። አንዳንድ ካሜራዎች 29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሲሞላ በራሳቸው ያቆማሉ፤ የእርስዎም እንደዚያ ከሆነ ምርቃቱ ሊጀመር ሲል አቁመው እንደገና ያስጀምሩት።

«አባባ፣ ይድገሙልን» አይበሉ። ይህን የሚያደርጉ ባለሙያዎች አሉ፤ እኔ በጣም እቃወመዋለሁ። ምርቃት ትወና አይደለም፣ ሁለተኛው እንደ መጀመሪያው ከልብ አይወጣም።

6. ሃይማኖታዊው ሥርዓት

ተክሊል ከቅዳሴ ጋር ስለሚፈጸም በሌሊት መነሳት አለብዎ። የደብሩን አስተዳደር አስቀድመው ያስፈቅዱ፤ ጫማ አውልቀው ይግቡ፣ መብራት አያብሩ፣ የተሰጠዎትን ቦታ አይልቀቁ። 70–200 ሌንስ የሚጠቅመው እዚህ ነው። በኒካህም ሆነ በፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ሰርግ ደንቡ አንድ ነው፦ ሥርዓቱን የሚመራውን ሰው አስቀድመው ጠይቀው እሱ ባለው ይቁሙ።

7. መንገዱና ድንኳኑ

የመኪናውን ሰልፍ ለመቅረጽ ቀድመው ሄደው አንድ አደባባይ ላይ ይጠብቁ፤ በመስኮት ተንጠልጥለው አይቅረጹ። ከቱሉ ዲምቱ በሚጀምረው የአዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ ማንም እንዲያቆም አይጠይቁ። ለፎቶ ፕሮግራም ወደ እንጦጦ የሚወጡ ከሆነ የባሕር ዛፉ ጥላ ፊት ላይ ነጠብጣብ ይጥላል፤ ሙሉ ጥላ ያለበትን ይፈልጉ። ድሮን ፈቃዱ በእጅዎ ከሌለ አያስነሱ።

ድንኳን ውስጥ መቅረጫዎን ከሚክሰሩ ጋር ያገናኙ፤ የሽማግሌዎቹ ንግግርና የሚዜው ምስክርነት ከድምፅ ማጉያ ሲቀረጽ ይደፈርሳል። ጭፈራውን እስክስታው ከተጋጋለበት ዳር ሆነው፣ ትከሻና ፊት በአንድ ላይ እንዲገባ አድርገው ይቅረጹ። መልሱ ላይ ሙሽሮቹ ጥቁር ካባ ሊለብሱ ይችላሉ፤ የወርቁ ጥልፍ እንዳይነጣ ብርሃኑን ትንሽ ይቀንሱ።

8. ማቀናበርና ማስረከብ

ያን ምሽት፣ ቢደክምዎትም፣ ካርዶቹን በሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጠው አንዱን ሌላ ቤት ያሳድሩ። ፋይሎቹ መከፈታቸውን ሳያዩ ካርድ አያጽዱ።

ሲያቀናብሩ ምርቃቱ ላይ ዘፈን አይጫኑ። ብዙ የሰርግ ቪዲዮ የአባት ከንፈር ሲንቀሳቀስ እያሳየ የሚያሰማው ዘፈን ነው፤ ይህ ቤተሰቡን መበደል ነው። ምርቃቱ በማያውቁት ቋንቋ ከሆነ የሚያውቅ ሰው አጠገብዎ ሳይቀመጥ አይቁረጡት፤ ዐረፍተ ነገሩ መሀል ላይ ተቆርጦ «ይባርካችሁ» የሚለው ሊቀር ይችላል። ከአጭሩና ከረጅሙ ቪዲዮ ሌላ ምርቃቱን ብቻውን በድምፅ ፋይል አዘጋጅተው ይስጧቸው፤ ውጭ አገር ላለ ወንድም ወይም እህት በቴሌግራም በቀላሉ ይላካል።

ሥራውን በሃርድ ዲስክ ያስረክቡ፤ ከእነሱ ጋር ተቀምጠው በራሳቸው ቴሌቪዥን ወይም ኮምፒውተር መከፈቱን ይዩ። መረከባቸውን በፊርማ እስኪያረጋግጡ ድረስ ያልተቆረጠውን ቅጂ አያጥፉ።