ራዝበሪ በሐረር ግቢ፦ ከመትከል እስከ መልቀም

ከድሬዳዋ ተነስታችሁ የደንገጎን ዳገት ስትጨርሱ ፊታችሁን የሚነካው ቀዝቃዛ አየር የራዝበሪን ነገር ይወስነዋል። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረር 1,850 አካባቢ። ተክሉ የብርድ አገር ልጅ ነው፤ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ካለፈ ቅጠሉ ይዝላል፣ ፍሬውም ፀሐይ ያቃጥለዋል። ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ያለችው አክስቴ «አቦ፣ ጥላ ስር ባስቀምጠውስ?» ብላ ሞክራው ነበር። ቅጠሉን አየች፣ ፍሬውን ግን አላየችም። አሁን በርሜሉ ውስጥ ሮማን ተክላለች፤ ለድሬ የሚሆነው እሱ ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ በዋናነት ለሐረርና ለአካባቢዋ ሰው ነው።

መጀመሪያ ስሙን እንለይ። ከተማ ውስጥ እንጆሪ ሲባል መሬት ላይ የሚሳበው ስትሮበሪ ነው፤ ገጠር ላደገ ሰው ደግሞ በየአጥሩና በየወንዙ ዳር የሚበቅለው እሾሃማ ቁጥቋጦ። ራዝበሪ የዚህኛው የጫካ እንጆሪ ዘመድ ነው። እኔም መጀመሪያ ራዝበሪ ነው ተብዬ ገዝቼ ዓመት ሙሉ ያጠጣሁት ችግኝ የአጥር እንጆሪ ሆኖ አረፈው። ስለዚህ ችግኙን ፍሬ ሲሰጥ ካያችሁት ተክል ላይ ብትወስዱ ይሻላል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ በሻንጣው ይዞላችሁ እንዲገባ ግን አትጠይቁ፤ ያለ ፈቃድና ያለ ዕፅዋት ጤና ማረጋገጫ ችግኝ ማስገባት አይቻልም።

ዝርያውን ስትመርጡ አንድ ነገር ጠይቁ፦ «በመጀመሪያ ዓመት ቀንበጡ ላይ ያፈራል?» የራዝበሪ ስር ለዓመታት ይኖራል፤ ከስሩ የሚወጣው ቀንበጥ ግን ዕድሜው ሁለት ዓመት ነው። አንዳንዱ ዝርያ በመጀመሪያው ዓመት ቅጠል ብቻ ያወጣና ፍሬ የሚሰጠው ብዙ መቶ ሰዓት ብርድ ካገኘ በኋላ በሁለተኛው ዓመት ነው። ሐረር ያን ያህል ብርድ የላትም። ለእኛ የሚሆነው በዚያው ዓመት ባደገው ቀንበጥ ጫፍ ላይ የሚያፈራው ነው፤ ከነዚህ በጣም የታወቀው በ1969 አሜሪካ ውስጥ የወጣው ሄሪቴጅ ነው (ዓመቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)።

ቀጥሎ አፈሩን ፈትኑ። አንድ እፍኝ ደረቅ አፈር ሳህን ላይ አድርጉና አቼቶ አፍስሱበት። ከተንፈቀፈቀ አፈሩ ኖራ አለበት ማለት ነው፤ እዚህ የተከላችሁት ራዝበሪ የቅጠሉ ጅማቶች አረንጓዴ ሆነው በመሐላቸው ያለው ቢጫ ይሆናል። ኖራው ብረት እንዳይወስድ ስለሚከለክለው ነው። ራዝበሪ በትንሹ ኮምጠጥ ያለ፣ ፒኤቹ (የኮምጣጣነት መለኪያው) ከ5.5 እስከ 6.5 የሆነ አፈር ይፈልጋል። አፈራችሁ ከተንፈቀፈቀ ከመሬቱ ጋር አትታገሉ፤ የ200 ሊትር በርሜል ለሁለት ቁረጡ፣ ታቹን ብሱ፣ ቀይ አፈርና በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ሙሉ። በአንዱ ግማሽ ሁለት ችግኝ ይበቃል። እናቶቻችን አትክልት ስር የሚበትኑትን አመድ እዚህ ላይ አደራ አትጨምሩ፤ አመድ የኖራን ሥራ ነው የሚሠራው።

ቲማቲም፣ ድንች ወይም ቃሪያ የነበረበትን መደብ ለሦስት አራት ዓመት ተዉት፤ ራዝበሪን የሚያጠወልግ ፈንገስ እዚያ አፈር ውስጥ ሊቆይ ይችላል።

የምትተክሉት በክረምቱ መግቢያ፣ ሰኔ መጨረሻ አካባቢ ነው። ከሰዓት በኋላ ከምዕራብ የሚመጣው ፀሐይ የማያገኘውን፣ የጠዋቱ ግን የሚደርሰውን ቦታ ምረጡ። ጉድጓዱ ስሩ ሳይታጠፍ የሚዘረጋበት ይሁን፤ ችግኙ ቀድሞ ከነበረበት ጥልቀት ብዙ አታስገቡት። በችግኝና በችግኝ መካከል 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ተዉ። ከዚያ ረጅሙን ግንድ 15 ሴንቲ ሜትር አስቀርታችሁ ቁረጡት። እጅ ይሳሳል፣ አውቃለሁ፤ ግን አዲሱ ቀንበጥ የሚወጣው ከታች ነው።

ውሃ ላይ ትንሽ እንቆይ። የተክሉ ስር አብዛኛው ከላይ 30 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል፤ ውሃ ከተኛበት ደግሞ ይበሰብሳል። መሬት ላይ ለተተከለ በሳምንት ለአንድ ካሬ ሜትር 25 ሊትር ያህል ይበቃል፤ የበርሜሉን በበጋ በየቀኑ በጣታችሁ እየነካችሁ ፍረዱ። የምታጠጡት ውሃ ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚጋግር ከሆነ አፈሩን ቀስ በቀስ ኖራማ ያደርገዋል። ክረምት ላይ ከቆርቆሮው የሚወርደውን የዝናብ ውሃ አጠራቅማችሁ ለራዝበሪው አስቀሩለት፤ ለሌላው አትክልት የቧንቧው ይበቃዋል።

ስሩን ቀዝቃዛ የሚያደርገው ጉዝጓዝ ነው። የቡና ገለፈት ወይም ደረቅ ሣር አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል አልብሱት፣ ግንዱን ግን አታስነኩት። ገረባማ፣ የጫት ትራፊው፣ በየደጁ በነጻ ይገኛል፤ ችግሩ ፍየልም ታውቃለች። እኔ ጋ ገረባውን ፈልጋ የገባችው ፍየል ቀንበጡን ጨምራ ሄደች። አጥር ከሌላችሁ ገረባ ይቅርባችሁ።

ቀንበጡ ሲረዝም በነፋስ እንዳይወድቅ በሁለት ካስማ መካከል ሽቦ ወጥሩና በላላ ክር እሰሩት።

መግረዝ ብዙ ሰው የሚፈራው ነው፤ በዚህ ዝርያ ግን ከሁሉ የቀለለው ሥራ ነው። ፍሬው ካለቀ በኋላ ተክሉን እስከ የካቲት መጨረሻ ተዉት፤ ያኔ ሁሉንም ግንድ ከመሬት እኩል ቁረጡ። የበልጉ ዝናብ አዲሱን ቀንበጥ ያወጣል፣ ክረምቱ ያሳድገዋል፣ ፍሬውም ዝናቡ ሲቀንስ ይደርሳል። ፍሬ በዝናብ መሐል ከደረሰ ሻጋታ ይበላዋል፤ ስለዚህ ቀኑን ማስተካከል ዋጋ አለው። ከቆረጣችሁ በኋላ የበሰለ ፍግ ስጡት፤ ትኩስ የዶሮ ኩስ ስሩን ያቃጥለዋል።

አንድ ተክል ብቻውንም ያፈራል፤ ንብ ብቻ አታባርሩ። ፍሬው የሚለቀመው ቀይ ስለሆነ አይደለም፤ በሁለት ጣት ሳብ ስታደርጉት ነጩን እምብርት ተክሉ ላይ ትቶ ሲመጣ ነው። እምቢ ካለ ነገ ተመለሱ። በጠዋት ልቀሙ፣ በሰፊ ሳህን አንድ ረድፍ ብቻ አስቀምጡ፣ ልትበሉት ስትሉ እንጂ ቀድማችሁ አትጠቡት። ፍሪጅ ውስጥም ከሁለት ሦስት ቀን በላይ አይቆይም፤ ከተረፋችሁ ማርማላታ ሥሩት። በሁለተኛው ዓመት ከመደቡ ወጥተው መሐል መንገድ ላይ ብቅ የሚሉትን ቀንበጦች ከነስራቸው ቆፍራችሁ ለጎረቤት ስጡ፤ የሚለምናችሁ ሰው አይጠፋም።