ጆሯችሁን አትመኑ፦ የጋት ፈተና የግራመር ጥያቄ እንዴት ይሠራል?

ጋትን ሁለት ጊዜ ነው የወሰድኩት። መጀመሪያ ስወድቅ የጣለኝ ሒሳቡ ቢሆን ኖሮ አይቆጨኝም ነበር፤ ሒሳብ ካየሁ ስንት ዓመቴ! የጣለኝ እንግሊዝኛው ነው፣ ያውም ግራመሩ። ከልጅነቴ ጀምሮ የተማርኩት፣ ሌክቸር የሰማሁበት፣ መመረቂያ ጽሑፌን የጻፍኩበት ቋንቋ። ማስተርስ ወይም ፒኤችዲ ለመግባት ይህን ፈተና የምትወስዱ ካላችሁ፣ በሁለተኛው ዙር ያዋጣኝን እነሆ። ምሳሌዎቹን በራሳችን ፊደል ነው የጻፍኳቸው፤ ደብተራችሁ ላይ በእንግሊዝኛ እየገለበጣችሁ ተከተሉኝ።

መጀመሪያ ምንም ሳታጠኑ ተፈተኑ። አንድ ሞዴል ፈተና አምጡ፣ ሰዓት ያዙ፣ ሥሩ፣ አርሙ። ከዚያ የተሳሳታችሁትን ብቻ ደብተር ላይ አስፍሩ፦ ጥያቄውን፣ የመረጣችሁትን፣ ትክክለኛውን መልስና ለምን እንደተሳሳታችሁ በአማርኛ። «አላወቅኩትም» ብላችሁ አትለፉ፤ ምን መስሏችሁ መረጣችሁት? እሱን ጻፉ። እኔ በመጀመሪያው ዙር ይህን ትቼ 12ቱን ቴንስ በሠንጠረዥ ስሸመድድ ከረምኩ። ስማቸውን ዛሬም እንደ ውዳሴ ማርያም እወርደዋለሁ። ፈተናው ግን የቴንስ ስም አልጠየቀኝም።

የምትለማመዱበትን ነገር ምረጡ። ቴሌግራም ላይ የሚዞረው ፒዲኤፍ ግማሹ መልሱ የተሳሳተ ነው ብል ማጋነን ይሆንብኛል፤ እኔ የያዝኩት ግን ነበር። «ኢች ኦፍ ዘ ስቱደንትስ ሃቭ» ትክክል ነው ይላል። ሃዝ መሆን አለበት። እኔ ደግሞ አምኜ ሁለት ሳምንት ሙሉ አጠናሁት! እኔን ከጠየቃችሁኝ የእንግሊዝኛ ችሎታ መለኪያ ከሆነው ፈተና፣ ከቶፍል አይቲፒ፣ ሁለተኛው ክፍል ይሻላል፤ 40 ጥያቄ በ25 ደቂቃ ነው፣ ክፍት ቦታ መሙላትም የተሰመረበትን ስህተት መለየትም አለው። የጂማት፣ ማለትም የውጭ አገር ቢዝነስ ትምህርት ቤቶች መግቢያ ፈተና፣ አሮጌ መጻሕፍትም ጥሩ ናቸው። ጂማት ራሱ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ባመጣው አዲስ ቅርጹ የዓረፍተ ነገር ማረሚያውን ክፍል አውጥቶታል፤ ስለዚህ አሮጌውን መጽሐፍ የሚፈልገው ሰው ጥቂት ነው፣ አሮጌ ተራ ላይ በርካሽ ልታገኙት ትችላላችሁ። ሌላው የውጭ አገር ድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና፣ ጂአርኢ ላይ ግን ጊዜ አታጥፉ፣ ቀጥተኛ የግራመር ጥያቄ የለውም።

አሁን ዋናው ነገር። ሰብጀክቱንና ቨርቡን ፈልጋችሁ አገናኙ። «ይሄንማ ስድስተኛ ክፍል ተምረነዋል» እንደምትሉ አውቃለሁ፤ እኔም ብዬ ነበር። ግን ይህን ሙሉ፦ «ዘ ኳሊቲ ኦፍ ዘ ሮድስ ___ ኢምፕሩቭድ»። ሃዝ ነው ሃቭ? ብዙዎቻችን ሃቭ እንላለን፣ ምክንያቱም ከባዶው ቦታ አጠገብ «ሮድስ» ይጮሃል። መልሱ ሃዝ ነው፤ የተሻሻለው ጥራቱ እንጂ መንገዶቹ አይደሉም።

ለምን እንደምንሸወድ የገባኝ አማርኛውን ከጎኑ ስጽፈው ነው። «የመንገዶቹ ጥራት ተሻሽሏል።» አያችሁ? በእኛ ቋንቋ ባለቤቱ «ጥራት» ቨርቡ አጠገብ ተቀምጧል። «ባለፈው ዓመት የተሠሩት የገጠር መንገዶች ጥራት ተሻሽሏል» ብትሉም ያው ነው፤ ማብራሪያው ሁሉ ከፊት ይደረደርና ዋናው ስም መጨረሻ ላይ ይመጣል። ስለዚህ ጆሯችን ከልጅነቱ የለመደው፣ ለቨርቡ የቀረበው ስም ባለቤቱ ነው ማለትን ነው። እንግሊዝኛ ተቃራኒ ነው። ዋናውን ስም አስቀድሞ ይናገርና ማብራሪያውን ከኋላው ይጎትታል፤ ቨርቡ ጋ ስትደርሱ አጠገባችሁ ያለው የማብራሪያው ጭራ ነው። ጭራውን ይዘን ነው የምንወድቀው።

መፍትሔው እርሳስ ነው። ከ«ኦፍ»፣ «ኢን»፣ «ዊዝ» ጀምሮ እስከሚከተለው ስም ድረስ ያለውን ሰርዙ። በሁለት ኮማ መካከል የገባውን ሰርዙ። በ«ሁ»፣ «ዊች»፣ «ዛት» የሚጀምር ማብራሪያ ካለ ከራሱ ቨርብ ጋር ሰርዙት። የቀረውን አንብቡ። «ዘ ማናጀር፣ አሎንግ ዊዝ ሂዝ ቱ አሲስታንትስ፣ ___ ትራቭሊንግ» ከተሰረዘ በኋላ «ዘ ማናጀር ___ ትራቭሊንግ» ይሆናል፤ ኢዝ ነው፣ አለቀ። መጀመሪያ ላይ አሰልቺ ነው። ከመቶ ጥያቄ በኋላ ዓይናችሁ ራሱ ይሰርዛል። ስክሪን ላይ የምትፈተኑ ከሆነ ደግሞ እርሳስ ስለማይኖር ይህ የዓይን ልምድ ቀድሞ መያዝ አለበት።

ሁለት ማስታወሻ እዚሁ ላይ። «ዘ ነምበር ኦፍ» ነጠላ ነው፣ «ኤ ነምበር ኦፍ» ብዙ ነው፤ ልዩነቱ ያቺ ትንሽ ቃል ናት። ሌላው «ኒዘር… ኖር» እና «አይዘር… ኦር» ናቸው፤ እዚህ የቀረበው ስም ያሸንፋል። ጆሯችሁን የምታምኑት እዚህ ጋ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ከአማርኛ የተተረጎሙ ስህተቶችን ለቅማችሁ ያዙ። ጥያቄ አውጪው ስለ አማርኛ ባያስብም እንኳ ቾይዙ ውስጥ ይገባሉ። «ኦልዞ ሂ ስተዲድ ሃርድ፣ በት ሂ ፌልድ» ደስ ይላል አይደል? «ምንም እንኳ ቢያጠናም ግን ወደቀ» ስለምንል ነው። እንግሊዝኛው ከሁለቱ አንዱን ብቻ ነው የሚፈልገው። «ዲስከስ አባውት» የመጣው «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» ከሚለው ነው፤ ዲስከስ «አባውት» አይፈልግም። «ዘ ማን ሁም አይ ሜት ሂም» ውስጥ ያለው «ሂም» ደግሞ «ያገኘሁት» መጨረሻ ላይ ያለችው «ት» ናት። «ኢንፎርሜሽንስ» እና «ኢኩዊፕመንትስ»ም እንዲሁ፤ መረጃዎች፣ ዕቃዎች እንላለና። ከ«ዋን ኦፍ ዘ» በኋላ ግን ስሙ ብዙ ይሆናል፣ «ዋን ኦፍ ዘ ስቱደንትስ»።

የራሴ ዘዴ ይህ ነው፤ ሁለት ቾይዝ ላይ ስቸገር ሁለቱንም ቃል በቃል ወደ አማርኛ እመልሳቸዋለሁ። አንዱ እንደ ውሃ ከፈሰሰ እሱን እጠረጥረዋለሁ። ሁልጊዜ አይሠራም፣ ግን ሳንቲም ከመወርወር ይሻላል።

ከዚሁ ዘመድ የሆነ አንድ ጥያቄ አለ፣ በመጀመሪያው ፈተና የተሸወድኩበት ዓይነት። «ዎኪንግ ቱ ዚ ኦፊስ፣ ዘ ሬን ስታርትድ።» ምን ችግር አለው? «ወደ ቢሮ ስሄድ ዝናቡ ጀመረ» በእኛ ልክ ነው፣ «ስሄድ» ራሱ «እኔ» ስለሚል። «ዎኪንግ» ግን ማን እንደሄደ አይናገርም፤ ከኮማው በኋላ ያለውን ስም ነው የሚጠብቀው። እዚህ ቢሮ የሚሄደው ዝናቡ ሆነ። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩ እንዲህ በ«ኢንግ» ከጀመረ ሌላውን ትታችሁ ከኮማው በኋላ ያለውን የመጀመሪያ ስም እዩ። አድራጊው እሱ ካልሆነ ቾይዙ ውድቅ ነው።

ሽምደዳ የምፈቅድላችሁ ጥቂት ነገር ላይ ነው። «ኖ ሱነር» ካለ «ዛን»፣ «ሃርድሊ» ካለ «ዌን» ይከተላል። «ኖት ኦንሊ» ዓረፍተ ነገር ከጀመረ ቀጥሎ እንደ ጥያቄ ይገለበጣል፣ «ኖት ኦንሊ ዲድ ሂ» እንደሚባለው። «ሪኮሜንድ ዛት ሂ» ካለ በኋላ «ሰብሚት» ነው፣ «ሰብሚትስ» አይደለም። የኮንዲሽናል ሦስቱን ዓይነቶች ታውቋቸዋላችሁ፤ «ኢፍ» ጠፍቶ «ሃድ አይ ኖውን» ሲመጣ ግን እንዳትደናገጡ፣ ሦስተኛው ራሱ ነው። በ«ኤንድ» የተያያዙ ነገሮች ደግሞ አንድ ዓይነት ቅርጽ ይኑራቸው፤ ሁለቱ «ኢንግ» ከሆኑ ሦስተኛውም «ኢንግ» ነው።

የፈተናው ቀን መዝለል ከተፈቀደ ግራመሩን ከምንባቡ በፊት ሥሩት። ግራመር ወይ በሰከንዶች ይመለሳል ወይ አይመለስም። እኔ አንዷ ጥያቄ ላይ ተቸክዬ «ይህቺንማ አውቃታለሁ» እያልኩ ስታገል፣ የመጨረሻው ምንባብ ሳይነበብ ሰዓት አለቀ። አንድ ደቂቃ ካለፈ ምልክት አድርጋችሁ እለፉ። መመሪያው ለስህተት ነጥብ ይቀነሳል ካላለ በስተቀር ባዶ አትተዉ።

በፈተናው ዋዜማ ማታ አዲስ ነገር አትክፈቱ። ያን የስህተት ደብተር ብቻ አንድ ጊዜ አንብባችሁ ተኙ። የእኔን ሳገላብጠው ከ«ኦፍ» ኋላ ያለውን ስም ይዤ የተሳሳትኩት ብቻ ሁለት ገጽ ተኩል ነበር።