የዩዩአይዲ ዝርዝር ዳታቤዝ ውስጥ ሲበላሽ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ሰርቨሩ መነሣቱን፣ የይለፍ ቃሉንና የሠንጠረዡን ስም አረጋግጣችኋል ብዬ ነው የምጀምረው። እዚህ የምናየው ኮድ ብዙ ዩዩአይዲዎችን (ኮምፒውተር ለእያንዳንዱ ረድፍ የሚፈጥረውን የማይደገም መለያ) በአንድነት ወደ ዳታቤዝ ሲያስገባ ወይም ሲያወጣ የሚመጣውን ጣጣ ነው። አብዛኛው ምሳሌ ከፖስትግሬስ፣ ጥቂቱ ከማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ ነው።

ምልክት፦ እስከ ስድስት ዕቃ ያለው ትዕዛዝ ደህና ነው፤ ከዚያ ካለፈ ዕቃ ይጠፋል

ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ ባሉ ቢሮዎች ደጋግሞ የሚገጥመኝ ይህ ነው። ደንበኛው «ሲስተማችሁ ዕቃ ይበላል» ብሎ ይደውላል። ፕሮግራመሩ በሦስት ዕቃ ይሞክርና «እኔ ጋ ይሠራል» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ምክንያቱ ተራ ሒሳብ ነው። አንድ ዩዩአይዲ በጽሑፍ ሲቀመጥ 36 ቁምፊ ይፈጃል፤ 32 አኃዝና 4 ጭረት። የአንድ ትዕዛዝ ዕቃዎች መለያዎች በኮማ ተቀጣጥለው «ቫርቻር 255» በሆነ፣ ማለትም እስከ 255 ቁምፊ በሚይዝ ዓምድ ውስጥ ሲከተቱ ስድስቱ 221 ቦታ ይይዛሉ። ሰባተኛው ሲጨመር 258 ይሆናል። 255ን ደግሞ ማንም አስቦ አልመረጠውም፤ የጃቫው ሃይበርኔትም ሆነ የፒኤችፒው ላራቬል የሚባሉት የፕሮግራም መሣሪያዎች ርዝመት ካልተነገራቸው ራሳቸው የሚሰጡት ቁጥር ነው።

ከዚህ በኋላ የሚሆነው እንደ ዳታቤዙ ይለያያል። ፖስትግሬስ ጽሑፉ ረዝሟል ብሎ ይመልሰዋል፤ እሰየው። ማይኤስኪውኤል ከ5.7 ወዲህ በነባሪው ጥብቅ ነው፤ ሆኖም ያረጀ ሶፍትዌር እንዳይቆም ተብሎ ጥብቅነቱ የተነሣበት ሰርቨር ሞልቷል። እዚያ ትርፉን ቆርጦ ይጥለዋል፤ የሚተወውን ማስጠንቀቂያ የሚያነብ የለም። ከሁሉ የሚያበሳጨኝ ግን የፖስትግሬስን ስህተት አይቶ፣ ኮዱ ውስጥ ጽሑፉን 255 ላይ የሚቆርጥ መስመር ጨምሮ ዝም ያሰኘው ሰው ነው።

መርካቶ ለሚገኝ አንድ የጅምላ አከፋፋይ የተሠራ ሲስተም ክረምቱን ያለ ኮሽታ ሠርቶ የእንቁጣጣሽ ሰሞን «ተበላሸ» ተባለ። የተበላሸ ነገር አልነበረም። በአዘቦት ቀን ቸርቻሪው ሦስት አራት ዓይነት ዕቃ ያዛል፤ በበዓል ሰሞን ግን ዘይቱም፣ ዱቄቱም፣ ስኳሩም፣ ቡናውም፣ ሻማውም በአንድ ትዕዛዝ ይመጣል። ተቆርጦ የተቀመጠው ሰባተኛ መለያ ከየትኛውም ዕቃ ጋር ስለማይገጥም ደረሰኙ ላይ መስመሩ አይወጣም፤ ጠቅላላ ዋጋው ግን ከመቀመጡ በፊት የተሰላ ነው። የሒሳብ ሠራተኛዋ መስመሮቹን በካልኩሌተር ደምራ ከድምሩ ጋር አልገጥም ሲላት ነው ጉዱ የወጣው። ብዛት ደግሞ በሌላ ዓምድ ለብቻው በኮማ ተደርድሯል። አንዱን ረድፍ ስከፍተው ዘጠኝ የብዛት ቁጥሮች፣ ስድስት ሙሉ መለያዎችና አንድ ጉማጅ ተቀምጠዋል።

እንዲህ ያለ ዳታ ከገጠማችሁ ምንም ከመንካታችሁ በፊት ባክአፕ ውሰዱ። ባክአፑንም ሌላ ማሽን ላይ መልሳችሁ ክፈቱት፤ ያልተከፈተ ባክአፕ ባክአፕ አይባልም። ቀጥሎ ዝርዝሩን በኮማ በትናችሁ ርዝመቱ 36 ያልሆነውን ቁራጭ ሁሉ አውጡ። የሰባተኛው ጉማጅ 33 ቁምፊ ይዟል፤ የጠፉት ሦስት ብቻ ናቸው። ስለዚህ በዕቃዎች ሠንጠረዥ ውስጥ በዚያ ጉማጅ የሚጀምረውን መለያ ብትፈልጉ የሚገኘው አንድ ነው፤ ሁለት ከወጣ ግን አትገምቱ። ስምንተኛውና ከዚያ በኋላ ያለው የለም፤ እሱን ከወረቀት ደረሰኝ መልሶ ከማስገባት በቀር መላ የለውም።

ዓምዱን ወደ «ቴክስት» ማስፋት መቁረጡን ያቆማል፤ በሽታውን አያድነውም። ዕቃው ቢሰረዝም መለያው ዝርዝሩ ውስጥ ይቀራል። «ይህ ዕቃ የትኞቹ ትዕዛዞች ውስጥ አለ?» የሚል ኩዌሪ ሠንጠረዡን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያነባል። ኤስኪውኤል ሰርቨር የሚባለው ሌላ ዳታቤዝ መለያን በትልቁ ፊደል፣ ፖስትግሬስ በትንሹ ስለሚያወጡት ያው መለያ እንደ ጽሑፍ ሲነጻጸር የተለያየ ይሆናል። አንዱ ከኮማው በኋላ ክፍት ቦታ ይተዋል፣ ሌላው አይተውም። አንድ ቦታማ ሠራተኛው ዝርዝሩን በእጁ ሲያስተካክል ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ስለነበር በኮማ ፈንታ «፣» ገብቶበታል። በስክሪኑ ላይ ላየው ሰው ልዩነቱ እምብዛም አይታይም፤ ኮዱ ግን ሁለቱን መለያዎች እንደ አንድ ባለ 73 ቁምፊ መለያ ቆጥሯቸዋል።

ትክክለኛው መፍትሄ ሦስተኛ ሠንጠረዥ ነው፦ የትዕዛዝ መለያ፣ የዕቃ መለያ፣ ብዛት፣ ቅደም ተከተሉ የሚያስፈልግ ከሆነም ተራ ቁጥር። ሁለቱ መለያዎች በጋራ ዋና ቁልፍ ይሁኑ፤ እያንዳንዳቸውም ወደ የሠንጠረዣቸው ፎሬይን ኪ (መለያው እዚያ መኖሩን የሚያስገድድ ማሰሪያ) ይኑራቸው። መለያውን ፖስትግሬስ ላይ በራሱ በዩዩአይዲ ዓይነት፣ ማይኤስኪውኤል ላይ «ባይናሪ 16» አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ 36 ቁምፊ የፈጀው ነገር 16 ባይት ብቻ ይሆናል።

ከማይኤስኪውኤል የብዙ ረድፎችን መለያ በ«ግሩፕ ኮንካት» ወደ አንድ ጽሑፍ አሰባስባችሁ የምታነቡ ከሆነ ደግሞ ያው ጉድ በሌላ በር ይመጣል። ነባሪው ወሰን 1024 ነው። 27 መለያዎች 998 ቦታ ይይዛሉ፤ 28ኛው 25 ቁምፊ ላይ ይቆረጣል። «ግሩፕ ኮንካት ማክስ ሌን» የሚባለውን አሳድጉ፤ የተሻለው ግን ረድፎቹን እንዳሉ ማንበብ ነው።

አሬይ (በአንድ ዓምድ ውስጥ የሚቀመጥ ዝርዝር) የሚያስኬደው መቼ ነው?

መለያዎቹ የእናንተ ሠንጠረዥ ውስጥ ወዳለ ረድፍ የማያመለክቱ ሲሆን ነው፤ ለምሳሌ ከሌላ ድርጅት ሲስተም የመጡ የክፍያ መለያዎች። ፖስትግሬስ የዩዩአይዲ አሬይ አለው፤ የአሬዩን አባላት የሚጠብቅ ፎሬይን ኪ ግን የለውም። ማይኤስኪውኤል አሬይ ጭራሽ የለውም።

ምልክት፦ ጃቫ ላይ «ዓምዱ የዩዩአይዲ አሬይ ነው፤ የመጣው ግን ባይትኤ ነው» የሚል ስህተት

የቆየው ሃይበርኔት፣ ማለትም 5ና ከዚያ በታች ያለው፣ አሬዩን ስለማያውቀው ወደ ጥሬ ባይት (ባይትኤ) ለውጦ ይልከዋል። ከ6.1 ጀምሮ ያለው ራሱ ያውቀዋል። ማሳደግ ካልቻላችሁ ጃቫን ከዳታቤዝ በሚያገናኘው በጄዲቢሲ «ክሪኤት አሬይ ኦፍ» የዓይነቱን ስም «ዩዩአይዲ» ብላችሁ ስጡት። ስህተቱ እንዲጠፋ ብላችሁ ዓምዱን ባይትኤ እንዳታደርጉት! ከጃቫ በቀር ማንም የማያነበው ዝባዝንኬ ትሞሉበታላችሁ።

ምልክት፦ ፓይተን ዝርዝሩን ሲዞር መለያ ሳይሆን አንድ አንድ ፊደል ያወጣል

መጀመሪያ የሚወጣው «{» ከሆነ ጥርጣሬ አይግባችሁ። ፓይተንን ከፖስትግሬስ የሚያገናኘው ሳይኮፒጂ 2 የዩዩአይዲ አሬይ እንዲያውቅ ካልተነገረው ሙሉውን እንደ አንድ ጽሑፍ ይመልሰዋል። ፕሮግራሙ ሲነሣ «ሬጂስተር ዩዩአይዲ»ን አንዴ ጥሩ። ሳይኮፒጂ 3 ይህ አያስፈልገውም።

ምልክት፦ «ዩዩአይዲን ከቴክስት ጋር ማነጻጸር አይቻልም»

የላካችሁት የጽሑፍ ዝርዝር ነው። የላካችሁትን ወደ ዩዩአይዲ አሬይ ቀይሩ እንጂ ኩዌሪው ውስጥ ዓምዱን ወደ ቴክስት አትቀይሩ፤ ዓምዱን እዚያ ከቀየራችሁ ኢንዴክሱ ከጥቅም ውጭ ይሆናል።

ምልክት፦ ዝርዝሩ ባዶ ሲሆን ብቻ ይወድቃል

ዋጋው በዝርዝሩ ውስጥ አለ ወይ ብሎ የሚጠይቀው «ኢን» ባዶ ቅንፍ አይቀበልም፤ ፖስትግሬስም የባዶ አሬይን ዓይነት ካልነገራችሁት አያውቅም። ከ«ኢን» ይልቅ «ኤኒ» ተጠቀሙና አሬዩን ከነዓይነቱ በአንድ ፓራሜትር ላኩ። ዝርዝሩ በጣም ሲረዝምም ይጠቅማችኋል፤ የፖስትግሬስ ፕሮቶኮል በአንድ ኩዌሪ ከ65535 በላይ ፓራሜትር አይቀበልም።

ምልክት፦ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ጨመሩ፤ የተገኘው የአንዱ ብቻ ነው

ኮዱ አሬዩን ሙሉውን አንብቦ፣ አንድ ጨምሮ፣ ሙሉውን መልሶ ይጽፋል፤ ኋላ የጻፈው የፊተኛውን ይደመስሳል። በ«አፕዴት» ውስጥ በ«አሬይ አፔንድ» ጨምሩ።

ምልክት፦ ጂን ኢንዴክስ (የአሬይ አባላትን ለመፈለግ የሚሠራው) ተሠርቶለት እንኳ ፍለጋው ይንቀረፈፋል

መለያው «ኤኒ» ውስጥ ካስገባችሁት ዓምድ ጋር እኩል ነው ወይ ብላችሁ ስትጠይቁ ጂን አይሠራም። ዓምዱ ያንን መለያ ይዟል ወይ ብላችሁ በ«@>» ጠይቁ።

አልፎ አልፎ የሚገጥሙ

«አሬይ አግ» ረድፍ ሲያጣ የሚመልሰው ባዶ አሬይ ሳይሆን «ነል» (ዋጋ የለም ማለት) ነው፤ በ«ኮአሌስ» ተኩት።

«ኖት ኢን» ውስጥ አንድ «ነል» ከገባ ምንም ረድፍ አይመጣም።

የመለያው የመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍሎች ባይታቸው ተገልብጦ የኋለኞቹ ሁለቱ ደህና ከሆኑ፣ ከሲ ሻርፕ በባይት የተላከ ነው፤ በጽሑፍ መልኩ ላኩት፣ ወይም ከዶትኔት 8 ጀምሮ ባለው «ቢግ ኤንዲያን» አማራጭ አውጡት።