ቀይ ከመቀባታችሁ በፊት መዝገቡን ክፈቱ

ባለፈው ሳምንት አንድ አዲስ ልጅ ላፕቶፑን ታቅፎ አጠገቤ ተቀመጠ። ጎበዝ ነው። ኤክሴል ላይ ጣቶቹን ማየት ያስቀናል። «ጋሼ፣ ይሄ ጤና ጣቢያ ሰነፍ ነው» አለኝ። በምን አወቅክ ስለው ስክሪኑን አዞረልኝ። አንዱ ረድፍ ከዕቅድ በታች ስለሆነ ቀይ በቀይ ሆኗል። እዚያ ጤና ጣቢያ ሄዶ አያውቅም። በየት በኩል እንደሚኬድም አልጠየቀም።

አልተቆጣሁትም። ከዘጠኝ ዓመት በፊት እኔም እንደሱ ነበርኩ፤ እንዲያውም ከሱ የባስኩ። ግን ይቺን «ሰነፍ ነው» የምትል ቃል በየዓመቱ ከአዲስ ገቢ ስሰማ ሰለቸኝና ልጽፈው ተነሳሁ።

የሥራችን ስም በየቅጥር ደብዳቤው ይለያያል። ፕሮጀክት የቀጠረው «ቢዝነስ አናሊስት» ይባላል። መንግሥት የቀጠረው «የዕቅድና ክትትል ባለሙያ» ነው። ጤና ጣቢያ በር ላይ ስንደርስ ግን ሁላችንም «የሪፖርት ሰዎች መጡ» ነን። ሥራው ያው ነው። ከጤና ኬላ እስከ ሆስፒታል የተሠራውን ቆጥሮ፣ ከዕቅዱ ጋር አስተያይቶ፣ የት ጋ እንደተበላሸ ማሳየት። እኔ የምሠራው ሰሜን ሸዋ ውስጥ ስለሆነ ምሳሌዎቼ የዚሁ አገር ናቸው።

መዝገቡን ሳይከፍቱ መፍረድ

ደሜን የሚያፈላው ይሄኛው ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ታገሱኝ።

ሪፖርት ላይ የምታዩት ቁጥር ከሰማይ አልወረደም። አንዲት እናት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትወልዳለች። አዋላጇ ልጁን ታሳቅፋለች፣ እንግዴ ልጁ መውጣቱን ታያለች፣ ደሙን ትቆጣጠራለች፣ ጓንቷን ታወልቃለች፣ ከዚያ ነው የማዋለጃ መዝገቡን ወደሷ የምትስበው። መብራት ከጠፋ በስልኳ ባትሪ ነው። ወሩ ሲዘጋ እሷ ወይም ሌላ ሰው ገጹን እየገለጠ ይቆጥራል፣ ቅጹ ላይ ይሞላል፣ የመረጃ ባለሙያው ዲኤችአይኤስ ቱ የሚባለው የጤና መረጃ የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ ያስገባል፣ ወረዳ ያያል፣ ዞን ያያል፣ እኛ ደግሞ ደብረ ብርሃን ቁጭ ብለን በሻይ ብርጭቆ እጃችንን እያሞቅን ቀለም እንቀባለን። እኛ ጋ እስኪደርስ በስንት እጅ እንዳለፈ ቁጠሩት። በየእጁ ላይ የሚንጠባጠብ ነገር አለ።

የራሴን ልናዘዝ። በገባሁ በሁለተኛው ዓመት የአንድ ጤና ጣቢያ የወሊድ ቁጥር ከወር ወር ሲያሽቆለቁል አየሁና በግምገማ መድረክ ላይ በፕሮጀክተር ለቀቅኩት። ስማቸውን በትልቁ፣ ግራፉን በቀይ። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ኃላፊው አንገቱን ደፋ እንጂ አልተከራከረኝም። እኔ ደግሞ ጥፋቱን ያመነ መሰለኝ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ለሱፐርቪዥን እዚያው ሄድኩ። ማዋለጃ ክፍል ጠረጴዛው ላይ የታተመው መዝገብ አለ፤ እስከ መጨረሻው ገጽ ሞልቷል። አጠገቡ ተማሪ የሚገዛው ዓይነት ደብተር ተቀምጧል። አዋላጇ በማስመሪያ አስምራ፣ የመዝገቡን አምዶች ከላይ አንድ በአንድ ገልብጣ፣ የእናት ስም፣ ቀበሌ፣ ሰዓት፣ «ወንድ 3.1»፣ «ሴት 2.8» እያለች ወርዳለች። አንዱ ገጽ ጥግ ላይ የአዮዲን ጠብታ ደርቋል። መዝገብ ካለቀ ቆይቷል፤ ሁለቴ በደብዳቤ ጠይቀዋል፣ አልመጣላቸውም። ሪፖርት የሚቆጥረው ልጅ አዲስ ነበርና የታተመውን ብቻ ቆጥሮ ይሄዳል። ደብተሩ መኖሩንም የነገረው የለም።

«ሲስተር፣ ይሄ እኮ ሪፖርት ውስጥ አልገባም» አልኳት።

«እኔ ማዋለዴን ነው የማውቀው፣ የኔ ልጅ» አለችኝ። ቆየት ብላ «ያ ቀይ ያደረግከን ልጅ አንተ ነህ አይደል?» አለችና ሻይ አስመጣችልኝ። ሻዩ አልወርድ አለኝ።

እንግዲህ ቁጥር ወርዶ ስታዩ መጀመሪያ የምትጠይቁት ይሄን ነው፦ መዝገብ አላችሁ ወይ? ማነው የሚቆጥረው? በቅርቡ ሰው ተቀይሯል? የሥራው ጥያቄ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ቁጥር ሲወጣም ያው ነው፤ እንዲያውም ያኔ ማንም አይጠይቅም። ኤልኳስ የምንለው የመረጃ ጥራት ማጣሪያ አለ። በየወሩ 12 የመረጃ ዓይነቶችን በዕጣ አውጥቶ ሪፖርቱን ከመዝገቡ ጋር ማመሳከር ነው። ቀላል ነገር ነው፤ በደንብ ከተሠራ ጉዱን ሁሉ ያወጣል። ግን የኤልኳስ ፋይል ስትከፍቱ እስክሪብቶውን ተመልከቱ። የስድስት ወሩ ቅጽ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ የእጅ ጽሑፍ፣ አሥራ ሁለቱም «ይዛመዳል» ተብሎ ከተሞላ የእናንተን መኪና ድምፅ ሰምተው የሞሉት ነው። አትጩኹባቸው። አንዱን ወር መርጣችሁ አብራችሁ ቁጠሩ።

ከ100 በላይ የሆነ ሽፋን አይቶ ማጨብጨብ፣ ወይም መቁረጥ

ክትባት 118 በመቶ። አንዱ «ከዕቅድ በላይ ፈጸሙ» ብሎ ያጨበጭባል። ሌላው ያፍርና 100 ብሎ ይቆርጠዋል። ሁለቱም ያስለቅሱኛል።

ሽፋን ማለት የተሠራው ሲካፈል ይጠበቃል ለተባለው ነው። ይጠበቃል የተባለው፣ ማለትም አካፋዩ፣ ከየት መጣ? ከሕዝብ ቁጥር። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ትንበያ ነው። በዚያ ትንበያ ላይ ኮንቨርዥን ፋክተር (ከሕዝቡ ስንት እጁ ነፍሰ ጡር ወይም ሕፃን እንደሚሆን የሚገምት ማባዣ) ተባዝቶ «ይህን ያህል ነፍሰ ጡር፣ ይህን ያህል ከአንድ ዓመት በታች ሕፃን» ይባላል። ቆጠራው ሲካሄድ ያልተወለደ ልጅ ዛሬ ራሱ ልጅ ሊወልድ ደርሷል። ደብረ ብርሃን ላይ ፋብሪካ ተተከለ፣ ሠራተኛ ጎረፈ፣ ተፈናቃይ ገባ። ከመንዝ ቀበሌዎች ደግሞ ወጣቱ ወጣ። ትንበያው ይሄን ሁሉ አላየም።

ሌላም አለ። ባሶና ወራና ደብረ ብርሃንን ዙሪያዋን የከበበ ወረዳ ነው። ምጥ የጠናባት የባሶና እናት አምቡላንስ ይዟት የሚሮጠው ወደ ከተማው ሆስፒታል ነው። እናቲቱ በአካፋዩ የወረዳው ናት፤ ወሊዷ ግን የተመዘገበው ከተማ ነው። ከተማው ከ100 ያልፋል፣ ወረዳው ቀይ ይሆናል፣ እናንተም ከተማውን ትሸልሙና ወረዳውን ታስጠነቅቃላችሁ። በትክክል ሪፈር በማድረጋቸው!

እኔ የማደርገው ይሄ ነው፦ ከመቶኛው ጎን ሁልጊዜ ደረቁን ቁጥር አስቀምጣለሁ። ያው ጤና ጣቢያ ከራሱ ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር ይተያያል። ወሊዱ የት ተመዘገበ ብዬ ከሆስፒታሉ መዝገብ የአድራሻ አምድ እቆጥራለሁ። ግማሽ ቀን ይፈጃል። ያቺ ግማሽ ቀን ብዙ ጭቅጭቅ ታስቀራለች።

አካፋዩን ማመን ሲያቅታችሁ ደግሞ አካፋይ የማያስፈልገውን መለኪያ ተጠቀሙ። ፔንታ የሕፃናት ክትባት ነው፤ ፔንታ አንድ በስድስት ሳምንት ይሰጣል፣ ፔንታ ሦስት በ14 ሳምንት። ከጀመሩት ስንቱ አቋረጠ የሚለው የሕዝብ ቁጥር አይፈልግም። በአንድ ወር ፔንታ ሦስት ከፔንታ አንድ ቢበልጥ አትደንግጡ፤ ልጆቹ የተለያዩ ናቸው። ዓመቱን ሙሉ ከበለጠ ግን ተነሡና ሂዱ።

የዘመን አቆጣጠሩን መርሳት

የጤና ሪፖርት ወር ከ21 እስከ 20 ነው። የጥቅምት ሪፖርት ማለት ከመስከረም 21 እስከ ጥቅምት 20 የተሠራው ነው። ስለዚህ ሰኔ 25 የወለደች እናት የሐምሌ ናት፤ ያውም የአዲሱ በጀት ዓመት። መዝገብ ስታመሳክሩ ከ1 እስከ 30 ከቆጠራችሁ በጭራሽ አይገጥምላችሁም። ከዚያ «መረጃ ያጭበረብራሉ» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። አይቻለሁ።

ጳጉሜን ደግሞ አስቡ። የመስከረም ሪፖርት ከነሐሴ 21 ስለሚጀምር ጳጉሜን ይዋጣል። 35 ቀን ነው፤ በአራት ዓመት አንዴ 36። «መስከረም ላይ አፈጻጸም አደገ፣ ጥቅምት ላይ ወደቀ» የሚል ትንተና የጻፈ ሰው አውቃለሁ። ሦስት ገጽ ጽፎበታል፤ ምክንያቱን ሁሉ ደርድሮ። ምክንያቱ አምስት ቀን ነበር።

ፈረንጅ አቆጣጠር የሚጠቀም ፕሮጀክት ውስጥ ካላችሁማ ፋይሉ ላይ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ሳትጽፉ አትዝጉ። የእኛን 2010 ከፈረንጁ 2010 ጋር አገጣጥሞ አዝማሚያ የሠራ ሰው አጋጥሞኛል። ግራፉ ሲያምር!

ባዶን ዜሮ ማድረግ

ባዶ ማለት አልተነገረንም ነው። ዜሮ ማለት አልነበረም ነው። ኔት ጠፍቶ ወይም መንገድ ተዘግቶ ሪፖርቱ ያልደረሰ ጤና ጣቢያን በዜሮ ሞልታችሁ የወረዳውን አማካይ ስታወጡ በሽታ የጠፋ ይመስላል። መጀመሪያ ስንት ተቋም ሪፖርት አደረገ? ይሄ ቁጥር የሌለበት ግራፍ ለእኔ አታሳዩኝ።

ቆላና ደጋን በአንድ ሚዛን መመዘን

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ሸዋ ሮቢት 1,300 ገደማ። በመካከላቸው መቶ ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ ነው ያለው። ታዲያ የወባ ምርመራ ቁጥርን አሰልፎ ከአንደኛ እስከ መጨረሻ ደረጃ ማውጣት ምን ይሉታል? ወባው ራሱ ወቅት አለው፤ ክረምቱ ወጣ ሲል ይነሳል። ሩብ ዓመትን ካለፈው ሩብ ዓመት ጋር ሳይሆን ከአምናው አቻው ጋር አስተያዩ።

ቲቢ ላይ የዘንድሮን ለዘንድሮ ማካፈል

በዚህ ሩብ ዓመት የዳኑትን በዚህ ሩብ ዓመት ለጀመሩት አታካፍሉ። ሕክምናው ወራት ይፈጃል። ውጤቱ የሚሰላው ከዓመት በፊት በዚያው ሩብ ዓመት ለተመዘገቡት ነው። ይኸው ነው።

በሞት ቁጥር ሆስፒታል ማወዳደር

ሪፈር የሚቀበል ሆስፒታል ሞት ይበዛበታል። በየጤና ጣቢያው ያቃተው ሁሉ ወደሱ ስለሚላክ ነው። ይሄን ሁሉም ያውቀዋል፣ ስላይድ ሲሠራ ግን ሁሉም ይረሳዋል። የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ያለውን ሆስፒታል ከሌለው ጋር ባታወዳድሩ ጥሩ ነው። ማወዳደር ግዴታ ከሆነባችሁም ስንቱ በምን ሁኔታ ደረሰ የሚለውን አብራችሁ አቅርቡ።

በደረጃ ሰንጠረዥ መጨከን

ይሄ የኔም ኃጢአት ስለሆነ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የምናገረው። ሰው በሕዝብ ፊት ካዋረዳችሁት በሚቀጥለው ወር ቁጥሩ ይስተካከልላችኋል። ሥራው አይደለም፣ ቁጥሩ። አንድ ጊዜ ከአንድ ግምገማ በኋላ በወሩ የአምስት ተቋማት የቅድመ ወሊድ ክትትል እኩል 95 በመቶ ሆኖ መጣልኝ። አምስቱም! አለቃዬ ደስ አለው። እኔ ግን ያን ዓይነት ትምህርት ያስተማርኳቸው እኔ መሆኔን አውቄ ዝም አልኩ። እስካሁን የሚቆጨኝ ዝምታዬ ነው።

አሁን ቀዩን ረድፍ ለኃላፊው ስብሰባው ከመጀመሩ በፊት በስልክ አሳውቀዋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱን ያኔውኑ ይነግረኛል፦ አዋላጇ ወሊድ ፈቃድ ላይ ናት፣ ፍሪጁ ተበላሽቷል፣ አምቡላንሱ ጎማ የለውም። ያን ይዤ መድረኩ ላይ ስቀመጥ ውይይቱ ስለ ጎማ ይሆናል።

ወስዶ መቅረት

መረጃ እንሰበስባለን፣ ወደ ላይ እንልካለን፣ ወደ ታች ምንም አንመልስም። ከዚያ «የመረጃ አጠቃቀም ባህል የለም» ብለን ሥልጠና እናዘጋጃለን፤ ከነአበሉ። አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ የቤተሰብ ማህደሩን ይዛ ቤት ለቤት ስትዞር ከርማ የላከችው ቁጥር ምን እንደሆነ አንድም ሰው ካልነገራት ለምን ትጠንቀቅለት? ግብረ መልስ ስትጽፉ ባለ አሥር ገጽ አታድርጉት። ግማሽ ገጽ፣ በአማርኛ፣ ሦስት ቁጥር፣ ሊሰቀል የሚችል። የማዋለጃ ክፍል ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ግማሽ ገጽ ኢሜይል ውስጥ ከሚቀር ሰነድ ይሻላል።

ሲስተርን አሁንም እደውልላታለሁ። የታተመው መዝገብ ከደረሳት ቆየ፤ ደብተሩን ግን አልጣለችውም፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። አዲሱን ልጅ ማክሰኞ ወደዚያ ቀይ ጤና ጣቢያ ይዤው እወጣለሁ። በጣርማ በር ስለምንወርድ ካፖርት ያዝ ብዬዋለሁ። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ያወልቀዋል።