ጽሞናን በ10 ደቂቃ መጀመር

ጽሞና፣ በእግዚአብሔር ፊት ብቻን ዝም ብሎ መቀመጥ፣ ቀላል ይመስላል። እስቲ ሞክሩት። አፍ ቶሎ ይዘጋል፤ ጭንቅላት ግን ወሬውን የሚጀምረው ያኔ ነው።

መጀመሪያ ሰዓትና ቦታ ቁረጡ። ማርቆስ 1፥35 ላይ ኢየሱስ ገና ሌሊት ሳለ ተነሥቶ፣ ሰው ወደሌለበት ሄዶ ይጸልያል። እናንተ ምድረ በዳ ፍለጋ መውጣት የለባችሁም። በር ያለው ክፍል ይበቃል። ለቤተሰብ ግን ቀድማችሁ ንገሩ፤ አለዚያ “ምን ሆነሃል? ተኳረፍን እንዴ?” መምጣቱ አይቀርም።

ስልካችሁን ሌላ ክፍል ተዉት። ድምፁን አጥፍቶ ኪስ መክተት አይሠራም፤ እጅ ሳይታወቀው ሄዶ ያወጣዋል።

ከዚያ ተቀመጡ። አጭር ጥቅስ ያዙ። እኔ ካህኑ ዔሊ ለብላቴናው ሳሙኤል ያስተማረውን “ባሪያህ ይሰማልና ተናገር” እወዳለሁ። ቀስ ብላችሁ አንዴ በሉት፣ ከዚያ ዝም።

ትግሉ እዚህ ጋ ነው። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ያልተከፈለ ሂሳብ ትዝ ይላል። ቀጥሎ ትናንት የሰማችሁት ክፉ ቃል፤ ቀጥሎ ያኔ ያልመጣላችሁ ምርጥ መልስ። እኔ አንዴ 10ሩንም ደቂቃ በልቤ ከአንድ ሰው ጋር ስከራከር ጨርሻለሁ። ደግሞ አሸንፌ ነበር! ሐሳቡን አትታገሉት። የሥራ ጉዳይ ከሆነ አጠገባችሁ ባለ ወረቀት ላይ በአንድ ቃል ጫሩትና ወደ ጥቅሱ ተመለሱ። ቂም ወይም ፍርሃት ከሆነ ግን ወረቀት አይበቃውም፤ በስሙ ጠርታችሁ ለእግዚአብሔር ንገሩት። 20 ጊዜ ብትሄዱ 20 ጊዜ ተመለሱ።

እንቅልፍ ቢወስዳችሁ አትሸማቀቁ። 1ኛ ነገሥት 19ን አንብቡ፦ ነቢዩ ኤልያስ ኮሬብ ተራራ ደርሶ ያን “ትንሽ የዝምታ ድምፅ” ከመስማቱ በፊት ሁለት ጊዜ ተኝቷል፣ ሁለት ጊዜ በልቷል። በየቀኑ ከሆነ ግን ማታ ቀደም ብላችሁ ተኙ።

ሲለመድ ወደ 20 ደቂቃ፣ ቆይቶ በወር አንዴ ወደ ግማሽ ቀን ከፍ አድርጉት። ያን ቀን መጽሐፍ ቅዱስ ብቻ ያዙ፤ ሌላ መጽሐፍ ከጨመራችሁ ስታነቡ ትውላላችሁ። ብቻችሁን ስትሆኑ ጭንቀቱ የሚብስባችሁ ከሆነ አታራዝሙት፤ የንስሐ አባታችሁን ወይም መጋቢያችሁን አማክሩ።

በሩ ከተንኳኳ ደግሞ ተነሱና ክፈቱ። ኢየሱስንም ያን ማለዳ ደቀ መዝሙሩ ስምዖን ፈልጎ አግኝቶት “ሁሉ ይፈልጉሃል” ብሎታል። ኢየሱስም ሊሰብክ ወደሚቀጥሉት መንደሮች ሄደ።