ፒአርዲ (አፑ ምን መስራት እንዳለበት የሚገልጽ ሰነድ) ላይ «3 ሰዓት» ብሎ መጻፍ ያመጣብን ጣጣና የተፈታበት መንገድ
ድሬዳዋ ላይ ሱቆች ዕቃ የሚያዙበት አፕ እየሰራን ነው፣ ዕቃው ከቀፊራ ገበያ በባጃጅ ነው የሚወጣው። ፒአርዲው ላይ «ከ3 ሰዓት በፊት የታዘዘ በዛው ቀን ይደርሳል» ይላል። ችግሩ፣ ኮዱ 3ን እንደ 03:00 (ሌሊት 9 ሰዓት) ስለያዘው ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ያዘዘን ሁሉ አፑ «ነገ ይደርሳል» ይለዋል።

መጀመሪያ የሰርቨሩን ታይምዞን ወደ አዲስ አበባ ቀየርነው፣ ምንም። ከዛ ኮዱ ላይ 15:00 ተደረገ፣ አሁን ደግሞ ባጃጁ ከሄደ በኋላ ከሰዓት 8 ሰዓት (14:00) ላይ ያዘዘውንም ዛሬ ይደርስሃል ይለው ጀመር፣ ይሄ ባሰ። ፒአርዲው ላይ ረጅም ማብራሪያም ጨመርን ግን ዴቨሎፐሩና ቴስተሩ አሁንም የየራሳቸውን ነው የተረዱት።

የሰራው ነገር፦ ማብራሪያውን አውጥተን ጂራ (ስራ የምንከታተልበት ሲስተም) ላይ አክሴፕታንስ ክራይቴሪያውን (ስራው አለቀ የሚባልበትን መስፈርት) በጊቭን-ዌን-ዜን (ሁኔታው ይሄ ሆኖ፣ ይሄ ሲደረግ፣ ውጤቱ ይሄ) ጻፍነው፣ ሰዓቱን ሁሌ በሁለቱም አቆጣጠር። እንዲህ፦

«ሱቁ ሳቢያን ሰፈር ነው፣ ጠዋት 2:59 (08:59) ላይ ካዘዘ ዛሬ ይደርሳል። ልክ 3:00 (09:00) ላይ ካዘዘ ነገ።»

ዋናው ያቺ ድንበር ላይ ያለች ምሳሌ ናት፣ እሷን ስንጽፍ ነው ቴስተሯ «ኔትወርክ ጠፍቶ 2:58 ላይ የተጫነ ትዕዛዝ ሰርቨር 3:05 ቢደርስስ?» ያለችው፣ ማንም አላሰበውም ነበር። ሰርቨር የደረሰበት ሰዓት ይያዝ ብለን ወሰንን፣ እሱም አንድ መስመር ሆኖ ገባ። ዳታቤዙ ላይ በዩቲሲ (ከኛ 3 ሰዓት ወደኋላ በሆነው ዓለም አቀፍ መነሻ ሰዓት) ነው የሚቀመጠው፣ ማለትም የጠዋቱ 3:00 (09:00) 06:00 ሆኖ፣ ስክሪኑ ላይ ብቻ ወደኛ አቆጣጠር ይቀየራል።

ቀን ያለበት ፊቸር ካላችሁ ደግሞ ጳጉሜን ምሳሌው ውስጥ አስገቡ፣ 5ም 6ም ቀን ስለምትሆን።